«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ጥያቄ፦ የቤት ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው፤ ያገለገለ ገዝቼው ስድስት ዓመት ሞላው። የማስቀምጠው ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ ነው። ድሮ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ አሁን በከፈትኩት በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ቡና አፍልቼ አቦሉን ጠጥቼ እጨርሳለሁ። አልፎ አልፎም ከውስጡ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ጥገና ቤት ብወስደው ልጁ ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። የአሥር ዓመት የፈተና ጥያቄዎቼና የእናቴ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ስላሉ ፈርቼ ይዤው ተመለስኩ። ምን ላድርግ?
አስተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ይዘውት መመለስዎ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሙያ ስጀምር የአንድ ደንበኛን ኮምፒውተር ሳልጠይቅ ፎርማት አድርጌ፣ ማለትም ዲስኩን ባዶ አድርጌ፣ የልጃቸውን የክርስትና ፎቶዎች አጥፍቻለሁ። ሰውየው አልተቆጡኝም፤ ዝም ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ያ ዝምታ እስከዛሬ አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ዲስክ ፋይሉን ሳልገለብጥ አልነካም።

ከደብዳቤዎ የምረዳው ኮምፒውተርዎ ሁለት የተለያየ ሕመም እንዳለበት ነው። የወፍጮው ጩኸት የፋን ነው፤ «ቀጭ» የሚለው ግን የሃርድ ዲስክ ይመስለኛል። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላዩም መረጃውን የሚያነብ ትንሽ ክንድ ወዲህ ወዲያ ይላል። ክንዱ ቦታውን ሲስት እየተመለሰ ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ነው ቀጭ የሚለው። አንዷን ፋይል ለማንበብ ደጋግሞ ስለሚሞክር ማሽኑ ሁሉ ይንቀራፈፋል። እንዲህ የሚያደርግ ዲስክ ነገ ላይነሳ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሌላ ነገር ሳይሞክሩ ፋይልዎን ይገልብጡ። መጀመሪያ የእናትዎን ፎቶዎች፣ ቀጥሎ ፈተናዎቹን። ፊልምና ዘፈን ካለ ይቆይ። በትምህርት ቤት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ፍላሽ አይጠቀሙ፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዲስኩ ጭራሽ አልታይ ካለ ደግሞ ማብራት ማጥፋቱን ትተው ፋይል ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ይስጡት፤ በግድ ባስነሱት ቁጥር ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

ፋይሉ ከዳነ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ማሽኑ ምን ላይ እንደተጠመደ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳይሠሩ ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቆየ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። መፍትሔው ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ሌላ ዓይነት የፋይል ማከማቻ መቀየር ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም፤ ለፈተና ወረቀትና ለፎቶ 256 ጊጋባይት ይበቃዎታል። ዲስኩ ደህና ሆኖ ሞልቶ የሚታየው ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከሆነ ግን ራም መጨመር ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ቡፌ ለሳህንና ለብርጭቆ ጥሩ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዳንቴል ካለበሱትም ያንሱለት። ሳሎን ውስጥ ከሰልና እጣን የሚጨስ ከሆነ ጭሱ ከአቧራው ጋር ተጣብቆ ፋኑ ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል። የማሽኑ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር በጣም ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አቧራም ብቻውን ማሽን ያዘገያል።

ለማጽዳት ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ አውጥተው የጎኑን ክዳን ይክፈቱ። በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ፣ የፋኑን ምላስ በጣትዎ ይዘው እንዳይሽከረከር እያደረጉ ይጥረጉት። እርጥብ ጨርቅ አይንካው። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እባክዎ እርስዎ አያድርጉት። ያ አየር ውኃና ዘይት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ኃይሉም ብዙ ነው። ከጸዳ በኋላም ከጮኸ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት የሚያሻግር ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ይሆናል። እሱን የሚቀይርልዎ ባለሙያ ይሁን፤ ሲቀይርም አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ።

ኤስኤስዲው ሲገባ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስለቆመ ማሽንዎ ዊንዶውስ 11 ይችል እንደሆነ አስቀድመው ያስጠይቁ።

የሚወጣውን አሮጌ ዲስክ ጥገና ቤት አይተዉት። የእናትዎን ፎቶዎች አዲሱ ላይ አንድ በአንድ ከፍተው እስኪያዩ ድረስ መሳቢያዎ ውስጥ ይቀመጥ።