መቅላቱ የት አለ? ስለ ቆዳ የጠየቃችሁኝ

ሐዋሳ ውስጥ በነርስነት እየሠሩ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ እህት፦ “መጽሐፉ የመኝታ ቁስል በመቅላት ይጀምራል ይላል። የማክማቸው ሕሙማን ጠይሞች ናቸው፤ መቅላቱን ከየት ላምጣው?”

እውነትዎን ነው፣ እህቴ። አብዛኞቹ መጻሕፍት የተጻፉት ነጭ ቆዳን እያዩ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ያው የቆዳ መቆጣት ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፤ አንዳንዴም ከአካባቢው ጠቆር ብቻ ይላል። ስለዚህ መጋረጃውን ይግለጡ፤ በሐዋሳ ፀሐይ አይጎድለንም። ጅራት አጥንቱን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በእጅዎ ጀርባ እየዳሰሱ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ያነጻጽሩ። ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል ወይስ ላልቷል? ሲነካ ያማል?

ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አባት ጀርባ ላይ ቀይ ነገር ስላላየሁ “ደህና ነው” ብዬ መዘገብኩ። ተረኛ ሆና የገባች አንጋፋ ነርስ እጇን አሳርፋ “ይህ እኮ ይሞቃል” አለችኝ። እኔም ነካሁት፤ እንደ ትኩስ ቂጣ ይሞቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ተላጠ። እኒያ አባት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም።

ቢጫነትን በዓይን ነጭ ክፍል፣ የደም ማነስን በታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥና በመዳፍ ይፈልጉ። ሲመዘግቡ ያዩትን ቀለም፣ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ ሙቀቱንም ይጻፉ።

ከታቦር አካባቢ የጻፉ እናት፦ “ሦስቱም ልጆቼ ሌሊት ሲያኩ ያድራሉ። ትንሹን ቅባት ቀባሁት፤ ተመልሶ መጣበት።”

ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓና በወገብ የሚወጣ፣ ቤተሰቡን ያዳረሰ ሽፍታ እከክን ያስጠረጥራል። አንዱን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው። ጤና ጣቢያ ታይተው የእከኩን ተባይ የሚገድለው ቅባት፣ ፐርሜትሪን 5 በመቶ፣ ከታዘዘልዎ፣ የማያሳክከውም ጭምር ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠብ፣ ከሳምንት በኋላ ይደገም። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቆይ። ተባዩ ከሞተ በኋላም ማሳከኩ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላልና አይደንግጡ።

“ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። አያሳክከኝም፣ አያመኝም። ልተወው?”

አይተዉት። ያሳሰበኝ አለማመሙ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው ቦታውን በጥጥ ይንካዎ። ካልተሰማዎ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ በጊዜ ከተጀመረ ጣትም ዓይንም ይተርፋል። ከተሰማዎም ቋቁቻ ወይም ሌላ ሊሆን ስለሚችል ይታዩ፤ እስከዚያው ጎረቤት የሚሰጥዎትን ቅባት አይቀቡ።