ሁለቴ ባዶህን ቀርተህ ጌሙን ልትተወው ላሰብከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ግሩፑ ላይ የጻፍከውን ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ደክሞኝ ስለነበር በሁለት መስመር ከምመልስልህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። ያልከው ይሄ ነው፤ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባለውን ብዙ ሰው አብሮ በኢንተርኔት የሚጫወተውን ጌም ከጀመርክ ሦስት ሳምንትህ ነው። ያለህን ዕቃ ሁለት ጊዜ አጥተሃል፤ አንዴ መብራት ሄዶብህ፣ አንዴ ሰው ሸውዶህ። ኔትህ ይቆራረጣል፣ ሌቬልህም አልጨምር ብሏል። «ልተወው ወይስ ሌላ ጌም ልሞክር?» ብለህ ጠይቀሃል።

እኔ የጀመርኩት የስልኩ ቨርዥን በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ነው። አዲስ አበባ ሆኜ፣ በተመሳሳይ ኔትና በተመሳሳይ መብራት ነው የምጫወተው። የደረሰብህ ሁሉ ደርሶብኛል። ስለዚህ ንዴትህን አውቀዋለሁ፤ ሌሊት አልጋ ላይ ተገላብጦ «ለምን ያንን ነገር ይዤ ወጣሁ?» የሚያሰኘውን ንዴት።

ከመብራቱ ልጀምር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ኤጅቪል ዋሻ ውስጥ ሂል ጃይንት የሚባሉትን ግዙፎች እገድል ነበር። አጥንታቸው ጥሩ ይሸጣል። ሕይወቴ 11 ቀርታ ነበር። ጣቴን ሕይወት ወደሚመልሰው ምግብ፣ ወደ ሎብስተሩ፣ እየወሰድኩ ሳለ ድርግም! ቤቱ ጨለመ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ስልኬን አነሳሁ፣ ዳታ ከፈትኩ፣ ልገባ ስል «አካውንትህ ካለፈው አልወጣም፣ ቆይተህ ሞክር» የሚል ጽሑፍ መጣ። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ልንገርህ፤ ውጊያ ላይ እያለህ ኔትህ ቢቋረጥ ገጸ ባሕርይህ ወዲያው ከጌሙ አይወጣም። እዚያው ቆሞ መመታቱን ይቀጥላል። ያ ጽሑፍ በሚታይባቸው ሰከንዶች እኔ እየሞትኩ ነበር። ስገባ ራሴን የሞተ ሰው በሚነሳበት ላምብሪጅ ግቢ ውስጥ፣ አብዛኛው ዕቃዬ ጠፍቶ ቆሜ አገኘሁት።

ያን ቀን ስልኩን ወርውሬ ተኛሁ። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። ምክንያቱም ተጫዋች ተጫዋችን ከሚገድልበት፣ ዋይልደርነስ ከሚባለው አካባቢ ውጭ እንዲህ ስትሞት ዕቃህ ለሌላ ሰው አይሄድም። አሁን የሞትክበት ቦታ ላይ የመቃብር ድንጋይ ይቆምልሃል፤ ዕቃህ ለ15 ደቂቃ እዚያ ይቀመጣል። ከላምብሪጅ ተነስተህ ሳትዞር ሳትዘገይ ብትሮጥ ብዙ ጊዜ ትደርሳለህ። መንገድ ላይ የጌሙ ባንክ (ዕቃ ማስቀመጫው) ገብተህ ምግብ ያዝ፤ ባዶህን ተመልሰህ በዚያው ግዙፍ ሁለተኛ እንዳትሞት። አንተም እንደኔ ተናደህ ዕቃህን ለማምጣት ሳትመለስ ቀርተህ ከሆነ ያጣኸው በመብራት ብቻ አይደለም። ይሄን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ ማንም ስላልነገረን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ አለኝ። አንደኛው፣ ሕይወቴ ግማሽ ከመድረሷ በፊት እበላለሁ። ሎብስተር 12 ይመልሳል፤ 12 ስትጎድል ብላ፣ አትቆጥብ። ሌላው፣ ኮምፒውተር ላይ ስጫወት ስልኬ ቻርጅ ሞልቶ፣ ዳታው ተከፍቶ አጠገቤ ይሆናል። አካውንቱ አንድ ስለሆነ ከኮምፒውተር ወጥተህ በስልክ ያንኑ ትቀጥላለህ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ደግሞ «ይሄን አንድ ልጨርስ» አልልም። ከውጊያው ወጥቼ ራቅ እላለሁ።

አሁን ወደ ሸዋጁ። ይሄኛው ነው የበለጠ ያሳመመህ፤ ከጽሑፍህ ይታወቃል። እኔም ላይ የበለጠ ያሳመመኝ ይሄ ነው።

ድራገን ስሌየር የሚባለውን ኩዌስት (ታሪክ ያለው ተልዕኮ) ጨርሼ ሩን ፕሌትቦዲ የሚባለውን የደረት ጥሩር መልበስ በቻልኩ በማግስቱ ነበር። ለሳምንታት የለፋሁበት ነገር ነው። ግራንድ ኤክስቼንጅ ከሚባለው የጌሙ ገበያ አጠገብ ቆሜ ሳለ አንድ ልጅ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። ሦስት ቀን አወራን። የምፈልገውን ማዕድን ከየት እንደማገኝ አሳየኝ፣ ምግብ ሰጠኝ። ጓደኛ ያገኘሁ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን «ሰሜን ላይ ጥሩ ቦታ አለ፣ አብረን እንሂድ» አለ። ዋይልደርነስ የሚጀምርበትን ቦይ ዘለልን። እየሄድን «አንዴ ምታኝ እስቲ፣ ስንት እንደምትመታ ልየው» አለኝ። መታሁት። ከራሴ በላይ ትንሽ ነጭ የራስ ቅል ብቅ አለች። ትርጉሟን አላወቅኩም። ትንሽ እንደሄድን ሁለት ሰዎች ከዛፍ ጀርባ መጡ፣ በአስማት እግሬን አሰሩኝ። በአንዴ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስደኝን ቴሌፖርት ነካሁ፤ አይሠራም። ልጁም ዞሮ ከነሱ ጋር ይመታኝ ጀመር።

እንዴት እንደሚሠሩት ላስረዳህ። ከቦዩ ወዲያ ያለው ሁሉ ዋይልደርነስ ነው፤ እዚያ ሌላ ተጫዋች ሊገድልህ ይችላል። ስክሪንህ ላይ የሚታየው የዋይልደርነስ ሌቬል ስንት ሌቬል የሚበልጥህ ወይም የሚያንስህ ሰው ሊያጠቃህ እንደሚችል ይነግርሃል። ከ20 በላይ ከገባህ ተራ ቴሌፖርት አይሠራም። ሌላ ተጫዋች ሳትመታ ብትሞት ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎችህ ይቀሩልሃል። የራስ ቅሏ ካለችብህ ግን ሦስቱም አይቀሩም። «አንዴ ምታኝ» ያለው ለዚህ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ የራስ ቅል እንዳይወጣብህ የሚከለክል አማራጭ አለ። ዛሬውኑ ግባና አብራው።

እነዚህ ሰዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሌም መጀመሪያ ደጎች ናቸው። «ጋሻህን በነጻ ወርቅ ልቀባልህ» የሚልህ አለ፤ ጌሙ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሙያ የለም። «ገንዘብህን እጥፍ ላድርግልህ» የሚለው መጀመሪያ ትንሹን በእውነት ያጥፍልሃል፣ ትልቁን ስትሰጠው ይጠፋል። «ፓስወርድህን ቻት ላይ ብትጽፍ በኮከብ ይሸፈናል፣ ሞክረው» የሚልም አለ። ስትነግድ ሁለተኛውን የማረጋገጫ ገጽ ሁሌ አንብብ፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያየኸውን ዕቃ በመጨረሻ ሰከንድ ቀይረውት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ቶሎ በል» የሚልህን ተወው። ጊዜ የሚነሳህ ሰው እንድታስብ አይፈልግም።

አካውንትህንም ቆልፍ። ስትገባ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን ኦተንቲኬተር አስገባ። ባለ አራት አሃዙን የባንክ ፒን አድርግ፤ አንድ ሰው አካውንትህ ቢገባ እንኳ ባንክህን በቀላሉ አይከፍትም። ኮምፒውተር ላይ ጌሙን የምትጫወትበትን፣ ሩንላይት የሚባለውን ፕሮግራም ስታወርድ ደግሞ ከራሱ ገጽ ብቻ አውርድ። በስሙ የተሠሩ ፓስወርድ የሚሰርቁ አሉ፤ ፍለጋ ላይ ማስታወቂያ ሆነው ከላይ ይመጣሉ።

እንግዲህ ሁለቱን ጉዳትህን አንድ ላይ ሳያቸው ችግሩ ዕድልህ አይደለም። ያለህን ሁሉ ይዘህ መውጣትህ ነው። ሦስት ሳምንት የሠራህበትን በአንድ ጉዞ አትሸከም። እኔ ዛሬም፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ከባንክ ስወጣ «ይሄ ቢጠፋ ነገ መልሼ እገዛዋለሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ አይ ከሆነ ባንክ ይቀራል። ሰይፍ እንኳን ስገዛ ሁለት ነው የምገዛው፤ አንዱ ባንክ ይቀመጣል። ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ሞቼ አውቃለሁ፣ ተናድጄ ግን ስልክ አልወረወርኩም።

ስለ ኔቱ አጭር ነው። ይሄ ጌም በምት ነው የሚሄደው። ሰርቨሩ በየ0.6 ሰከንዱ ነው ትዕዛዝህን የሚቀበለው። ስለዚህ ከኛ አገር ሆነህ ፒንግህ (ትዕዛዝህ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን እንኳን ምቱ ውስጥ ይገባል፣ ብዙም አይጎዳህም። የሚገድልህ የሚዋዥቅ ኔት ነው፤ አንዴ 180፣ አንዴ 900። የሰርቨሮቹ ዝርዝር ላይ ባንዲራ አለ። የእንግሊዝና የጀርመኖቹን ሞክር፤ ለኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያዎቹ ይሻላሉ። ሩንላይት ላይ የየሰርቨሩ ፒንግ ይታያል። ዝቅተኛውን ሳይሆን የማይዋዥቀውን ምረጥ። ኔቱ በተበላሸ ቀን ደግሞ ውጊያ ተወውና ዓሣ አጥምድ ወይም እንጨት ቁረጥ። ዓሣው ኔትህ ቢቋረጥ አይገድልህም።

ሌቬሉ ላይ የሆነ ነገር ልንገርህ፤ እኔን ያረጋጋኝ እሱ ስለሆነ። 99 ለመድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። 92 ስትደርስ 6,517,253 ነው፤ ማለትም ገና ግማሹ ላይ ነህ! 70 ለመድረስ ግን 737,627 ብቻ ነው። 40 ደግሞ 37,224። አየኸው? አንተ 99 ያላቸውን ሰዎች ግራንድ ኤክስቼንጅ ላይ እያየህ ነው የምትናደደው። እነሱ ዓመታት ቆይተዋል። 40ን ዓላማህ አድርግ። 40 አታክ (የማጥቃት ሌቬል) ሩን ሲሚታር የሚባለውን ሰይፍ ያስይዝሃል፣ 40 ፊሺንግ ሎብስተር ያስጠምድሃል፤ ያን ጊዜ ምግብህን ራስህ ታወጣለህ፣ የተረፈውን ትሸጣለህ።

ሌላው አንድ ነገር ብቻ ሰዓታት መደጋገምህ ነው። ላም ስትገድል ሦስት ቀን እንደዋልክ ጽፈሃል። ማንም ይሰለቻል። ኩዌስት ሥራ። ናይትስ ሶርድ የሚባለው በነጻው ጌም ውስጥ አለ። ከሌቬል 10 ማይኒንግ (ማዕድን ቁፋሮ) ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቱርጎ ለሚባለው ድንክ አንጥረኛ የቀይ እንጆሪ ፓይ ትወስድለታለህ፤ ሌላ ነገር ብትሰጠው አያናግርህም። ከዚያ በረዶ ዋሻ ገብተህ ብሉራይት የሚባል ማዕድን ታመጣለህ። እዚያ የበረዶ ግዙፎች አሉ፤ ምግብ ያዝ፣ አትዋጋቸው፣ ሩጥ። ስትጨርስ 12,725 የስሚዚንግ (የአንጥረኝነት) ነጥብ ይሰጥሃል። ከ1 ተነስተህ በአንዴ 29! መዶሻ እየመታህ ስንት ቀን የሚፈጅብህን በአንድ ከሰዓት ታገኘዋለህ። ቫምፓየር ስሌየር የሚባለው ኩዌስትም አታክህን በ4,825 ነጥብ ይገፋልሃል። ነጭ ሽንኩርት ያዝ፣ ቫምፓየሩን ያዳክመዋል።

ቴሌግራም ላይ ጎልድ (የጌሙን ገንዘብ) በብር የሚሸጡትን ደግሞ አደራ አትንካ። ሕጉ ይከለክላል፣ አካውንትህ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ብርህን ተቀብለው ይጠፋሉ። የውጭ ካርድ ስለሌለን ሜምበር (ከፍሎ ሙሉውን ጌም የሚጫወት) መሆን አንችልም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። ቦንድ የሚባል ዕቃ አለ፤ ግራንድ ኤክስቼንጅ ላይ በጌሙ ገንዘብ ትገዛዋለህ፣ ለ14 ቀን ሜምበር ያደርግሃል። ውድ ነው፣ ብዙ ሚሊዮን ይጠይቃል። የመጀመሪያዬን ለመግዛት ሁለት ወር ሎብስተር አጥምጃለሁ። ግን ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በካርድ ከፍዬ ቢሆን አላገኘውም ነበር።

«ሌላ ጌም ልሞክር?» ላልከው፤ መቀየር መብትህ ነው። ነገር ግን የትም ብትሄድ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጌም ውስጥ ሸዋጅ አለ፣ ላግ አለ፣ ከአንተ በብዙ የሚቀድም ሰው አለ። ይሄኛው ቢያንስ ደካማ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ዳታም እንደሌሎቹ አይፈጅም። እኔን ያቆየኝ ግን ይሄ አይደለም። ክላን፣ ማለትም አብሮ የሚጫወት ቡድን ነው። ብቻዬን የተጫወትኩበት ዓመት የንዴት ዓመት ነበር። ክላን ከገባሁ በኋላ ስሞት «የት ነህ?» የሚለኝ ሰው አለ። እንግሊዝኛዬ እስኪፈታ ድረስ ሳፍር ነበር፤ ማንም አልሳቀብኝም። የሚሳደብ ሲያጋጥምህ ጽሑፉ እንዳይታይህ ኢግኖር ሊስት ውስጥ ክተተው፤ መልስ አትስጠው።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከፈለግህ ግራንድ ኤክስቼንጅ እንገናኝ። የትኛው ሰርቨር እንደሆነ እዚሁ ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ፣ በውስጥ መስመር አልልክልህም። ናይትስ ሶርድን አብረን እንሠራለን። ፓዩን እኔ ጋግሬ አመጣለሁ። አንተ ምንም ይዘህ አትምጣ፤ ርካሽ ልብስና ምግብ ይበቃል። ማንም በኔ ስም መጥቶ «ቦዩን እንዝለል» ቢልህ ግን እኔ አይደለሁም።