ጓዳ ገብቼ የቀላቀልኩት ወይን

በመስተንግዶ ሙያ ላይ ላላችሁ ልጆቼ፣

ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ውስጥ ወይን አሳላፊ ሆኜ ስጀምር ዕድሜዬ የእናንተን ያህል ነበር። አንድ ምሽት አንድ ሽማግሌ ሺለርቫይን የሚባለውን የአካባቢውን ወይን አዘዙኝ። አልቆብናል። “ቀይና ነጭ የተቀላቀለበት ነው” ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጓዳ ገባሁና ከተከፈተ ቀይና ከተከፈተ ነጭ ጠርሙስ ቀዳሁ፤ ቀለሙን በመብራት አይቼ ይዤ ወጣሁ። ይባስ ብዬ “ስሙ የጀርመናዊው ባለቅኔ የሺለር ነው” አልኳቸው። አንዴ ጎንጨት አሉና ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ ሒሳብ ከፍለው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱም ስህተት ነው። ሺለር እ.ኤ.አ. በ1759 ማርባክ ተወለደ፤ ማርባክም እዚያው ሽቱትጋርት አቅራቢያ፣ ኔካር ወንዝ ዳር ናት፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወይኑ ስም ግን የመጣው ቀለሙ ማብለጭለጩን ከሚናገር የጀርመንኛ ግስ ነው።

ቅልቅሉ የገባኝ በለቀማ ጊዜ አንድ ገበሬ ቤት ስሄድ ነው። ትሮሊንገር የሚባለውን ቀይ ፍሬ በጣቴ ጨመቅ ሳደርገው የወጣው ጭማቂ ከነጩ ከሪስሊንጉ እምብዛም አይለይም። ለካ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው! ሁለቱ ፍሬዎች አብረው ይጨፈለቃሉ፤ ልጣጩ ጥቂት ቀለም እስኪለቅ ይቆዩና ይጨመቃሉ፤ ከዚያ አብረው ይፈላሉ። ጥንስሱ አንድ ነው። እናቶቻችን ጠጅ ሲጥሉ ማሩንና ጌሾውን ብርሌ ላይ አያገናኙም፤ ይህን እያወቅሁ እንዴት እንደተሞኘሁ እስካሁን ይገርመኛል።

በጀርመን ሕግ እንዲህ ያለው ወይን ሮትሊንግ ይባላል፤ የደረሰ ቀይና የደረሰ ነጭ ወይን ቀላቅሎ ሮትሊንግ ማለት ክልክል ነው። ሺለርቫይን የሚለው ስም ሽቱትጋርት የምትገኝበት አካባቢ፣ የቩርተምበርግ ነው፤ ጎረቤት ባደን ሮትጎልድ የሚባል የራሱ ሮትሊንግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውሮፓ ኮሚሽን ሮዜ የሚባለውን ተራ ሮዝማ ወይን ቀይና ነጭ ወይን በመቀላቀል መሥራት ይፈቀድ ብሎ ነበር፤ ወይን አምራቾች ተነሡበትና ሐሳቡን ተወው። ሻምፓኝ ግን ከጥንትም የተፈቀደለት ነው፤ የሀብታም ነገር።

ድሮ ቀዩና ነጩ አንድ ማሳ ላይ ተደባልቀው ይተከሉ ነበር፤ ውርጭ አንዱን ቢመታ ሌላው እንዲተርፍ። ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራ የደጋ ገበሬ ምክንያቱን ሳይነግሩት ይረዳዋል።

ሺለርቫይን ሲታዘዛችሁ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አቅርቡ፤ አታስረጁት፣ በወጣትነቱ የሚጠጣ ነው። “ቀይ ነው ወይስ ሮዜ?” ብሎ የሚያፌዝ እንግዳ ቢመጣ አትሽቆጥቆጡ፣ ከየትኛው ፍሬ እንደተሠራ ንገሩት። የማታውቁ ከሆነ “ጠይቄ ልምጣ” በሉ። እኔ ይህችን ሁለት ቃል ለመናገር አፍሬ ነው ጓዳ የገባሁት። ዕድሉ ካላችሁም ገበሬዎቹ ቤት ሄዳችሁ ቅመሱት። ደጃቸው ላይ መጥረጊያ ከተሰቀለ ወይን ይሸጣሉ ማለት ነው፤ እኛ አገር ጠላ ቤት በር ላይ ጣሳ እንጨት ላይ እንደሚደፋው። እጀታ ባለው ብርጭቆ ሩብ ሊትር ይቀዱላችኋል።

ሽማግሌው ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሺለርቫይኑም በዚያ ቀን ነበረን። ረጅም ሳቅ ሳቁ። ከዚያ ቢራ አዘዙ።