ፒንጉ ይመልሳል፣ ኤጀንቱ አይመልስም፦ ለዛቢክሱ ጥያቄ የኔ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ዛቢክስ (ሰርቨሮችን የሚከታተለውን ሶፍትዌር) ተክለሽ አራት ሰርቨር አስገብተሻል። አንደኛው ሰላም ነው። ሁለተኛው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል። ሦስተኛው ፒንግ (ማሽኑ አለ ወይ የሚለውን አጭር ጥያቄ) እየመለሰ «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ይላል። አራተኛው አረንጓዴ ሆኖ ግራፉ ባዶ ነው። ኤጀንቱን (በየሰርቨሩ ተጭኖ ለዛቢክስ መረጃ የሚሰጠውን ፕሮግራም) ከሁሉም ላይ አጥፍተሽ እንደገና ልትጭኚ እንደሆነ ጽፈሻል። እባክሽ ተዪው። የሦስቱ ሰርቨሮች ችግር የየራሱ ነው፤ እንደገና መጫን አንዱንም አይፈታልሽም።

እዚህ ባህር ዳር ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሰርቨር እጠብቃለሁ፤ ሦስቱም ደርሰውብኛል። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ስህተቱን ቃል በቃል ማንበብ ነው።

ፒንግ የሚነግርሽ ማሽኑ መነሳቱን ብቻ ነው። ዛቢክስ የሚያንኳኳው የኤጀንቱን በር (ፖርት)፣ ቲሲፒ 10050ን ነው። «ሪፊውዝድ» ካለሽ ማሽኑ ጋ ደርሰሻል፣ ፖርቱ ላይ ግን የሚሰማ የለም። ወይ ኤጀንቱ አልተነሳም፣ ወይ የኤጀንቱ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሊስን አይፒ» የሚለው መስመር ላይ 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን ብቻ የሚሰማበት አድራሻ) ተጽፏል። ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ገብተሽ በ«ኤስኤስ» ትዕዛዝ (የተከፈቱ ፖርቶችን የሚያሳይ ነው) 10050 በየትኛው አድራሻ እንደተከፈተ እዪ። ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

«ኖ ሩት ቱ ሆስት» ግን ሰው ያሳስታል። መንገድ የለም ስለሚል ሁሉም ሮጦ ራውተር ይነካል፤ እኔም ነክቻለሁ። ፒንግ እየመለሰ እንዲህ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚከለክለው እዛው ማሽኑ ላይ ያለው ፋየርዎል (የሚገባውን ግንኙነት የሚያጣራው) ነው። ሮኪና አልማ ሊኑክስ ላይ የሚመጣው ፋየርዎል፣ ፋየርዎልዲ፣ ያልተፈቀደ ፖርት ሲነካ «ክልክል ነው» የሚል የአይሲኤምፒ (ፒንግም የሚሄድበት የኔትወርክ መልእክት) መልስ ይልካል፤ ያንን ላኪው ማሽን «ኖ ሩት» ብሎ ይተረጉመዋል። ኡቡንቱ ላይ ያለው ፋየርዎል፣ ዩኤፍደብሊው፣ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ስለሚጥለው «ታይምድ አውት» (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ) ነበር የምታዪው። ሦስተኛው ማሽንሽ ሮኪ ነው ብለሻል፣ ስለዚህ 10050ን ለዛቢክስ ሰርቨሩ (ዛቢክስ ራሱ ለተተከለበት ማሽን) አይፒ ብቻ ክፈቺ፣ ቋሚ አድርጊው፣ ከዚያ ሪሎድ። ፋየርዎሉን ጭራሽ አታጥፊው።

አሁን በጣም አደራ የምልሽ፦ ሙከራውን ሁሉ ከዛቢክስ ሰርቨሩ ሆነሽ አድርጊ፣ ከላፕቶፕሽ አይደለም። እኔ ሁለት ቀን ያባከንኩት በዚህ ነው። ከላፕቶፔ በቴልኔት (ፖርት መክፈቱን በሚሞክር ትዕዛዝ) ስሞክር 10050 «ኮኔክትድ» ይለኛል፤ ስለዚህ ፖርቱ ደህና ነው ብዬ ሌላ ሌላውን ስፈልግ ከረምኩ። ለካ ኤጀንቱ ግንኙነቱን ተቀብሎ ላኪውን አይቶ ወዲያው ይዘጋዋል። በሁለተኛው ቀን የኤጀንቱን ሎግ ስከፍት ከዚህ አይፒ የመጣ ግንኙነት ተከልክሏል፣ የተፈቀደው ይሄኛው ነው የሚል መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የኛ ዛቢክስ ሰርቨር ሁለት የኔትወርክ ካርድ ነበረው። ኤጀንቶቹ ላይ «ሰርቨር» በሚለው መስመር የጻፍኩት የአንደኛውን አይፒ ነው፣ ማሽኑ ግን ሲወጣ በሁለተኛው ነበር የሚወጣው። መልሱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሎጉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። «ዛቢክስ ጌት» የሚባለውን መሣሪያ ዛቢክስ ሰርቨሩ ላይ ጭነሽ «ኤጀንት ፒንግ» ብትጠይቂ ደህና ከሆነ 1 ይመልስልሻል።

አራተኛው ላይ ያስገባሽው ቴምፕሌት (ምን እንደሚለካ የሚወስነው ዝርዝር) የአክቲቭ ይመስለኛል። በአክቲቭ ጊዜ ኤጀንቱ ራሱ ነው ወደ ሰርቨሩ፣ ወደ 10051፣ የሚመጣው፤ የሚታወቀውም በስሙ ነው። ከኤጀንቱ ጋር የሚመጣው ፋይል «ሆስትኔም» ላይ «ዛቢክስ ሰርቨር» ተብሎ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ካልቀየርሽው በሌላ ሰው ስም እየተጠራ ነው። ስሙ ድረ ገጹ ላይ ከሰጠሽው ጋር በፊደል፣ በትልቅና በትንሽ ፊደል ጭምር፣ አንድ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትልቅ ሆና አስቸግራናለች። አትጻፊው፣ ከድረ ገጹ ኮፒ አድርጊው። የዛቢክስ ሰርቨሩ አድራሻ የሚጻፍበትን «ሰርቨር አክቲቭ» የሚለውንም መስመር አትርሺ። ስትጨርሺ ሪስታርት።

ይሄ ሁሉ ሲስተካከል የሚመጣውን ደግሞ ካሁኑ ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ማታ ከጣና በኩል ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት ይሄዳል። የኛ ሰርቨሮች ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ነበሩ፣ ሁሉንም የሚያገናኘው ስዊች ግን ግድግዳው ላይ ነበር የተሰካው። ስዊቹ ሲጠፋ ሁሉም በአንዴ ቀይ ሆነ፣ ስልኬ በመልእክት ተጥለቀለቀ፣ እውነተኛውን ችግር የሚናገረው መልእክት መሃል ላይ ተቀብሮ ቀረ። ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ስኪው፤ የሰርቨሮቹ ትሪገር (ማስጠንቀቂያ የሚያስነሳው ሕግ) ደግሞ በስዊቹ ትሪገር ላይ ጥገኛ ይሁን፣ «ዲፔንደንሲ» የሚለው ቦታ ላይ ታገኚዋለሽ። ያኔ አንድ መልእክት ብቻ ይመጣል። ዛቢክሱ ራሱ እዚያው ክፍል ካለ እሱ ሲጠፋ የሚነግርሽ የለም፤ ሌላ ሕንፃ ውስጥ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር እሱን ፒንግ እያደረገች ብትቀመጥ ይበቃል።

ሰዓቱንም አስቢበት። የጊዜ ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጊው፣ ተረኛችሁም አቆጣጠሩን ይወቅ። እኛ ጋ 03:10 የሚል መልእክት የደረሰው ልጅ ጠዋት ሲያየው 3 ሰዓት ከ10 አሁን የሆነ መሰለው፤ ችግሩ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ጀምሮ ነበር።

የሁለተኛውን ማሽን የኤስኤስ ውጤትና የአራተኛውን ሎግ የመጨረሻ 20 መስመር እዚህ ለጥፊልኝ፣ የውጭ አይፒ ካለው ሸፍኚው። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።