ጥያቄና መልስ፦ የሴንት ኦገስቲን ገሎች

መላሽ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሴንት ኦገስቲን፣ ስፔኖች በ1565 በቅኝ ግዛታቸው በፍሎሪዳ ስለቆረቆሯት የወታደር ከተማ ነው። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ስለ ወርቅ አትጠይቁኝ።

የዳላሱ፦ ጋሼ፣ ስባሪ ሸክላ ምን ይናገራል?

መላሽ፦ ጓዳውን! ከስፔኖቹ ግቢ የቆሻሻ ጉድጓድ ከሚወጣው ገል የሚበዛው የአገሬው ሰው ሥራ ነው። የአካባቢው ነገድ የቲሙኩዋዎቹ ሸክላ ሲነኩት እንደ ጠመኔ ይለሰልሳል። በኋላ የመጣው የሌላው ነገድ፣ የጓሌዎቹ ደግሞ ሳይደርቅ በተቀረጸ እንጨት ስለተመታ ገላው ላይ ንድፍ አለው። የድስቱን ቂጥ ገልብጠህ እየው፤ ጥላሸት ለብሷል። ነጭ ቅብ ያለው የስፔን ሳህን ግን እሳት አያውቅም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆፈረችው አርኪዮሎጂስቷ ካትሊን ዲገን ይህን ከጋብቻ ጋር አያይዛዋለች፦ ወታደሮቹ የአገሬውን ሴቶች አገቡ፤ ምድጃው በእሷ ወግ፣ ለሰው የሚታየው ገበታ በእሱ ወግ ሆነ።

የጋን ጠጠር፦ ድህነት ነው እንጂ! ከሜክሲኮ የሚላከው ደመወዝ ሲዘገይ ያገኙትን ገዙ።

እሙዬ፦ አገልጋይስ ብትሆን? ድስት የጋብቻ ወረቀት አይደለም።

የጋን ጠጠር፦ እናቴ ስንት ብረት ድስት እያላት ዶሮ ወጥ በሸክላ ነበር የምትሠራው። ባሏ ስፔን ነበር ልትይ ነው?

እሙዬ፦ ድህነት ነው ያልከው አንተ! እናትህ በራስህ ላይ መሰከረችብህ።

መላሽ፦ ወጡን ለሌላ ቀን። ደመወዙ መዘግየቱ እውነት ነው፤ ግን የአገሬው ድስት ደህና ኑሮ ከነበራቸው ቤቶችም ይወጣል። የእሙዬን ያዙልኝ፤ ሚስት ትሁን አገልጋይ ገል ብቻውን አይለይም።

ስም የለሽ፦ ዕድሜውስ በምን ይታወቃል?

መላሽ፦ አብሮት በወጣው። ስፔን ፍሎሪዳን በ1763 ለእንግሊዝ ለቀቀች። የእንግሊዙ ሸክላ ሠሪ የዌጅዉድ ዓይነት ክሬም ቀለም ሳህን የወጣው ያኔ ነው፤ ስባሪው ከጉድጓዱ ሥር ከተገኘ፣ ጉድጓዱ የተሞላው ከ1760ዎቹ ወዲህ ነው። ገሉን ከአፈሩ አትለዩ የምለው ለዚህ ነው።

የሐረሩ፦ የጎንደሮቹ ፖርቱጋሎችስ?

መላሽ፦ ጎንደር የማን ቅኝ ግዛት ነበረች? ቀጥል።

የዳላሱ፦ ስለዚህ ባጭሩ ስባሪ ምን ይናገራል?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

የሜሪላንዷ፦ ጓሮዬን ስኮተኩት አንድ ገል አገኘሁ፤ ፎቶ ልኬያለሁ። ስንት ዓመቱ ነው?

መላሽ፦ ምን ያህል ጥልቀት ላይ? ከምን ጋር? ገሉን ከአፈሩ አትለዩ አላልኩም?

የሜሪላንዷ፦ ውይ ጋሼ፣ አፈሩንማ በበረኪና አጥቤ አስለቀቅኩት።

መላሽ፦ በበረኪና! ሌላ ካገኘሽ እባክሽ አትንኪው።