ለአሮጌ ቤልጅግ ሰደፍ ፖሊዩሬቴን ወይስ የተልባ ዘይት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ወደ አሜሪካ ገበያ ከገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል አንድ ቤልጅግ (የቤልጂየም ሥሪት ጠመንጃ) ገዝተው፣ ሰደፉ ጠቁሮና ደርቆ ስላገኙት «ፖሊዩሬቴን (ሰው ሠራሽ ቫርኒሽ) ልቀባው ወይስ የተልባ ዘይት ይሻላል?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን የምመልሰው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ቤልጅግ ገዝቼ የመጀመሪያውን አበላሽቻለሁ፣ ሁለተኛውን ግን አሳምሬዋለሁ።

1. ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጠው እንጨቱን ከብረቱ ከለዩ በኋላ እጅዎን የሚበላዎት ነገር መፋቅ ነው። በእኔ ሰደፍ ግራ ጎን ላይ አንድ ባለቤቱ የነበረ ሰው በካራ የቀረጻቸው ሦስት የግእዝ ፊደላት ነበሩ፤ ከእነርሱም በታች የደበዘዘ ክብ ማኅተም ይታይ ነበር። እኔ ግን ከሱቅ እንደ ወጣ ቁም ሣጥን እንዲያብረቀርቅ ፈልጌ በመፋቂያ ማሽን ጠራረግሁት። ከፊደላቱ መካከል «ወ» መኖሩን ብቻ አስታውሳለሁ፣ ፎቶ እንኳ አላነሣሁም። ይባስ ብሎም እንጨቱ ስለሳሳ ከሰደፉ ጫፍ ያለው ብረት ዙሪያውን ወጣ ብሎ ቀረ፤ ልብስ በያዘኝ ቁጥር ያንን ቀን እረግማለሁ።

2. ፖሊዩሬቴን በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ አይዝም። ውኃን በመከላከል ከተልባ ዘይት እንደሚበልጥ አልክድም፤ ለአዲስና ቅባት ላልነካው ሰደፍ፣ በተለይም በዝናብ ለሚታደንበት፣ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የእኛ ቤልጅግ ግን ለአሥርት ዓመታት የጠመንጃ ቅባትና ግራሶ ሲጠጣ የኖረ የዋልነት እንጨት ነው። ሦስት እጅ ቀብቼ ለሁለት ወር ያህል ኮራሁበት፤ የሐምሌ ወበቅ ሲመጣ ከእንጨቱ ውስጥ የነበረው ቅባት ወደ ላይ ወጣና መያዣው አካባቢ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ፖሊዩሬቴን ከላይ የሚቀመጥ ሽፋን ስለሆነ የተላጠውን ቦታ ብቻ መጠገን ያስቸግራል፤ ወይ ሁሉንም ማንሣት ነው፣ ወይ ዥጉርጉሩን መሸከም ነው። በ450 ዶላር የገዛሁትን ጠመንጃ ወደ አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ሱቅ ይዤ ስሄድ ሰውየው መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ «የወንበር እግር ነው ያመጣህልኝ» ብሎ 150 ዶላር ዋጋ ሰጠኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ደንበኞቹ ፊት መሳቁ አንገበገበኝ፤ ሆኖም ስለ እንጨቱ የተናገረው ስሕተት አልነበረም።

3. በሁለተኛው ጠመንጃ ላይ ግን ምንም ነገር ከመቀባቴ በፊት እንጨቱን ማጽዳት ጀመርኩ። አገር ቤት አናጢዎች አኳራጅ የሚሉትን ማቅለጫ በለስላሳ ብሩሽ እያስነካሁ ጥቁሩን ቅባት በጨርቅ ጠረግሁ፤ አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የተሰረጎደውን ቦታ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ስተኩሰው እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት አነሣው፣ መፋቅም አላስፈለገኝም። ስንጥቅ ካለ ዘይት ከመቀባትዎ በፊት በሙጫ ያስይዙት፤ ዘይት የነካው እንጨት ሙጫ አይቀበልም።

የቀባሁት በሃርድዌር መደብር «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ቶሎ እንዲደርቅ የሚያደርጉ የብረት ውሁዶች የገቡበት ስለሆነ አይበላም፤ ለምግብ የሚሸጠው ደግሞ እጅግ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ሰደፉን ለብዙ ቀናት የሚጣበቅ ያደርገዋል። ከውኃ የበለጠ መከላከል ከፈለጉ ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ንጹሕ የተንግ ዘይት ይሻላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጥቂት ጠብታ በመዳፌ ይዤ እንጨቱ እስኪሞቅ አሸሁት፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጠርጌ በማግስቱ ደገምሁት፣ በዚህ ዓይነትም ሰባት እጅ ቀባሁ። ወፍራም አድርጎ መቀባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የሚያጣብቅ ሰደፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የማይታየውን ክፍል ነው። እንጨት ውኃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ በሰደፉ ጫፍ ብረት ሥር ያለውንና በርሜሉ የሚተኛበትን ቦይ እስኪጠግቡ ይቀቧቸው። የእኔ የመጀመሪያው ሰደፍ ውጩ ሦስት እጅ ፖሊዩሬቴን ለብሶ ጫፉ ግን ባዶውን ነበር።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደው ቅርጫት ውስጥ እንዳይጥሉት አደራ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊላዴልፊያ የዋን ሜሪዲያን ፕላዛ ሕንጻን ያቃጠለውና 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሞቱበት ቃጠሎ የተነሣው የተልባ ዘይት ከነካቸው ጨርቆች ነው። እኔ ውጭ አስጥቼ ካደረቅሁ በኋላ ውኃ በሞላበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ እከታቸዋለሁ።

ሁለተኛውን ጠመንጃ ለዚያው ጠጋኝ ሆን ብዬ ወስጄ አሳየሁት። በዚህ ጊዜ መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው፣ ምን እንደቀባሁትም ጠየቀኝ፤ 600 ዶላር ዋጋ ሲሰጠኝ «ለሽያጭ አይደለም» ብዬው ወጣሁ። እርስዎም ማጽዳት ከመጀመርዎ በፊት በሰደፉ ላይ ያለውን ማኅተምና ጽሑፍ ሁሉ በጎን ብርሃን ፎቶ ያንሡትና እዚህ ያሳዩን።