ጨው የማይጠግብ ሶፍትነር

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኛ ላስቬጋስ ነው ያለነው፣ ከእናቴ ጋር አራት ሰው ነን። ቤቱን ስንገዛ ጋራዥ ውስጥ ዋተር ሶፍትነር (ውሃውን የሚያለሰልሰው ማሽን) አብሮ ነበር፣ ላዩ ላይ 32,000 ግሬይን ይላል። ችግሩ ጨው አይጠግብም! በየሁለት ሌሊቱ ይነሳና ሲንጎራጎር ያድራል፣ እኔም በወር አምስት ስድስት ባለ 40 ፓውንድ ከረጢት እየተሸከምኩ ወገቤ አለቀ። ባለቤቴ ነቅለን እንጣለው ይላል፣ እናቴ ደግሞ ደም ግፊት አለባትና ይሄ ሁሉ ጨው የምንጠጣው ውስጥ ነው እንዴ የሚገባው እያለች የቡናውን ውሃ እንኳን የታሸገ ካልሆነ ብላናለች። ምን ይሉናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትንቀሉት! ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ያበላሸው ቤቱን ከእናንተ በፊት የያዘው ሰው ሴቲንግ ነው። ቬጋስ የምትጠጡት በአብዛኛው ሌክ ሚድ ከሚባለው ሐይቅ የሚመጣ የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ነው፣ ኖራው በጋሎን 16 ግሬይን (የኖራ መለኪያ ነው) አካባቢ ስለሆነ ሶፍትነር ከሌለ ማፍያውና የሻወሩ ጭንቅላት በወራት ውስጥ ነጭ ይለብሳል።

አሁን ጨዉ የት እንደሚሄድ። ታንኩ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ደቃቅ ፍሬዎች አሉ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ፣ ሲሞሉ ማሽኑ በጨው ውሃ ያጥባቸውና እጣቢው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ያ 32,000 የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ሬዚኑ ሳይታጠብ የሚይዘው የኖራ ብዛት፣ ግን ትንሽ ያታልላል፣ ምክንያቱም ያን ያህል የሚይዘው በአንድ እጥበት 15 ፓውንድ ገደማ ጨው ሲበላ ነው። እዛው ማሽን ላይ 6 ፓውንድ ብታደርጊው 20,000 አካባቢ ይይዛል፣ ማለትም ከግማሽ ባነሰ ጨው ወደ ሁለት ሦስተኛውን ሥራ ትወስጃለሽ። የመጀመሪያዎቹ ፓውንዶች ናቸው የሚሠሩት፣ የኋለኞቹ አብዛኛው ሳይሠራ ነው የሚፈሰው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በቀን 60 ጋሎን ይፈጃል ብንል አራት ሰው 240፣ በ16 ሲባዛ 3,840 ግሬይን በቀን። 20,000 ለ5 ቀን ይበቃል፣ አንድ ቀን መጠባበቂያ ትተሽ በየ4 ቀኑ ይታጠብ። በየ4 ቀኑ 6 ፓውንድ በወር 45 ፓውንድ ነው፣ አንድ ከረጢትና ትንሽ! አሁን ግን በታይመር በየሁለት ቀኑ 15 ፓውንድ እየበላ ወደ 225 ይደርሳል፣ ውሃ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም። ለፋሲካ ቤቱ እንግዳ ሲሞላ በእጅ የሚያስነሳውን በተን ተጫኚው። አንድ ቀን ማሽኑ ካረጀና ከቀየራችሁ ደግሞ ያለፈውን ውሃ ቆጥሮ የሚታጠበውን ግዙ፣ ታይመር ብቻ ያለውን አልወደውም።

ጨዉን ከቀነስሽ በኋላ ማሽኑ ሊታጠብ አንድ ቀን ሲቀረው ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርጊና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ ናጪው፣ አረፋው ከቆመ ደህና ነው፣ ውሃው ደፍርሶ አረፋ እምቢ ካለ የጨዉን መጠን ትንሽ ጨምሪ። የጨው ታንከሩን አፉ ድረስ አትሙይው፣ ግማሽ ይበቃዋል፣ ሲሞላ ጨዉ ላይ ላዩን ይጋገርና ከታች ባዶ ይሆናል፣ አንቺ ጨው አለ ትያለሽ ማሽኑ ግን በባዶ ውሃ ነው የሚታጠበው። የመጥረጊያ እንጨት ቀስ አድርገሽ ስደጂበት፣ ታንኩን እንዳትበሺው ብቻ። የውጪው ቧንቧም በሶፍትነሩ እንዳያልፍ ቧንቧ ሠራተኛ ይይልሽ፣ ሶዲየሙ ለአትክልቱም አይሆንም። ቬጋስ ደግሞ የቤት ውስጥ ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ሌክ ሚድ ነው የሚመለሰው፣ ማጣሪያው ግን ጨዉን አያወጣውም፣ ስለዚህ የምትቆጥቢው ለኪስሽ ብቻ አይደለም።

ለእናትሽ፦ አይዞዎት በይልኝ፣ የከረጢቱ ጨው ባብዛኛው የሚሄደው በፍሳሽ ነው። ግን የለሰለሰው ውሃ በሊትር 125 ሚሊግራም አካባቢ ሶዲየም ይጨምራል፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ውስጥ እንዳለው ያህል። ሐኪማቸው ጨው ቀንሱ ካላቸው የኩሽናውን ቀዝቃዛ ቧንቧ ብቻ ከሶፍትነሩ በፊት አስቀጥሉላቸው፣ ቡናቸውን በሱ ያፍሉ፣ የታሸገ ውሃ መግዛቱ ይቅር።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነኝ፣ የኛን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ድንጋይ ሆኗል። ወንድሜ ከዱባይ ትንሽ ሶፍትነር ላምጣልህ ይላል፣ ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃችሁ በሮቶ ከሆነ መጀመሪያ ግፊቱን አስብ። ብዙዎቹ ሶፍትነሮች 1.5 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይፈልጋሉ፣ አንድ ባር ለማግኘት ደግሞ ሮቶው 10 ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት፣ ጣራ ላይ ያለው 3 ሜትር ቢሆን ነው። ያለ ፓምፕ አይሠራም ማለት ነው። ማሽኑ ራሱን አንዴ ሲያጥብ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ሊደፋ ይችላል፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ያማል፣ መብራት ሲጠፋም ሰዓቱ ይዛባል። ለማንቆርቆሪያው ኮምጣጤና ውሃ እኩል አድርገህ አፍላበት፣ ግማሽ ሰዓት ተወውና እጠበው፣ ሎሚም ይሠራል። ዝዋይና ሐዋሳ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ እንዳትሸወዱ፣ ሶፍትነር ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ አያወጣም።